ሦስት ሴቶች፣ አንድ ፒክአፕና የፔዳሉ ከፍታ ነገር

ስለ ቀረጥና ስለ ምንዛሪ ስናወራ ከረምን፤ ዛሬ ከኪስ ወረድ ብለን ወደ እግር እንሂድ። መኪና ሲነሳ ሁላችንም የሚቀናን ስለ ሞተር፣ ስለ ጎማና ስለ ነዳጅ ዋጋ ማውራት ነው። ሹፌር ቀኑን ሙሉ ስለሚረግጠው ነገር የሚያወራ ሰው ግን ብዙ አልገጠመንም። እኛም ብንሆን የአንዷ እህታችን ጉልበት ባያስገድደን ኖሮ ጉዳዩን አናነሳውም ነበር።

እኛ ማለት ሦስት ሴቶች ነን። ሞያሌ ውስጥ በአንድ ዕቁብ ተዋውቀን፣ ዕቁቡ ሲደርሰን ገንዘባችንን አዋጥተን አንዲት ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ገዛን። ከቡሌ ሆራ በኩል ቦሎቄ እናመጣለን፤ ስንመለስ ደግሞ ቀረጡ የተከፈለበት ሳሙናና የፕላስቲክ ዕቃ ይዘን እስከ ዲላ፣ አንዳንዴም እስከ ሐዋሳ እንዘልቃለን። ሹፌር የለንም፤ በየተራ እንነዳለን። ይህን የምትጽፈው የሂሳብ መዝገቡን የምትይዘው መካከለኛዋ ናት። ዲፕሎማዋ በንግድ ሥራ ነው እንጂ በመካኒክነት አይደለምና ከዚህ በታች የምትሉትን እየያዛችሁ ለራሳችሁ መካኒክ አሳዩት።

ከሦስታችን አጭሯ ቁመቷ አንድ ሜትር ከ50 አይሞላም። ረጅሟ አንድ ሜትር ከ74 ናት። አንድ መኪና፣ አንድ ወንበር፣ ሦስት ዓይነት እግር። ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፒክአፓችን ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር። እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት መሪዋን ወደ ግራ አዛውረውታል። ብዙዎቻችሁ እንደዚህ ዓይነት መኪና ይዛችኋል፤ በእኛ በኩል በቀኝ መስመር፣ በኬንያ በኩል በግራ መስመር ስለሚነዳ መሪ የተቀየረላቸው መኪናዎች አገሩን ሞልተውታል። መሪው ሲዛወር ፔዳሎቹም አብረው ይዛወራሉ። የሚያዛውረው ሰው ጥንቁቅ ከሆነ ልካቸውን ጠብቆ ይተክላቸዋል፤ ካልሆነ ደግሞ መኪናዋ መሄዷን አይቶ ቁልፉን ያስረክባል። የእኛዋን ያዛወራት የኋለኛው ዓይነት ሰው ነበር። ፍሪሲዮኑም ፍሬኑም ከልካቸው በላይ ተሰቅለው ቀርተዋል። ይህንን ግን ያወቅነው ኋላ ነው።

አጭሯ እህታችን ስትነዳ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት ታስጠጋለች። ደረቷ መሪውን ሊነካ ይደርሳል። ያም ሆኖ ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ተረከዟን ከወለል ማንሳት ግድ ይላታል። ልብ በሉ፣ እግር ተረከዙን ወለል ላይ ተክሎ በጣቶቹ በኩል ሲረግጥ ሥራው የቁርጭምጭሚት ነው፤ ቀላል ነው። ተረከዙ አየር ላይ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ የማርሽ ለውጥ ሙሉ እግሯን ከዳሌዋ ጀምራ ታነሳለች ማለት ነው። ከሞያሌ እስከ ሐዋሳ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቡሌ ሆራ በይርጋ ጨፌ አድርጎ ወደ ዲላ ያለውን ጠመዝማዛ የነዳ ሰው እዚያ ላይ ማርሽ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ያውቀዋል። ዲላ ስትደርስ ግራ ጭኗ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቷ ያብጣል፣ ሻይ ቤት ገብታ ስትቀመጥ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ትሰቅላለች።

ረጅሟ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። ፔዳሉ ከፍ ስላለ ጉልበቷ ወደ ላይ ተነስቶ መሪውን ይገጫል። በኩርባ ላይ መሪ ስትጠመዝዝ እጇና ጉልበቷ ይጋጫሉ። መካከለኛዋ ብዙም ስላልተቸገረች ሁለቱ ሲያማርሩ "ልመዱት" እያለች ታልፋቸው ነበር ይባላል፤ መዝገቡ ላይ ግን አልሰፈረም።

ፍሬኑ ከፍሪሲዮኑ የባሰ ነበር። በማንኛውም መኪና ፍሬን ከነዳጅ መስጫው ትንሽ ከፍ ይላል፤ እንዲህ የተደረገው አንዱን ለመርገጥ ስንል ሌላውን አብረን እንዳንረግጥ ነው። በእኛዋ ግን ልዩነቱ ከአራት ጣት በላይ ነበር። ስለዚህ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ለመሄድ እግርን ወደ ጎን ማዞር ብቻ አይበቃም፤ ማንሳት፣ ማሻገር፣ ከዚያ መርገጥ ነው። ይህች "ማንሳት" የምትባል ነገር ትንሽ ትመስላለች። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ግማሽ ሰከንድ ዘገየች ማለት ገና ፍሬን ሳይነካ 11 ሜትር አለፈ ማለት ነው።

ያን 11 ሜትር ዱቡሉቅ አካባቢ አይተነዋል። የቦረናን መንገድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ግመል መኪና መጣ ብሎ አይሮጥም፣ ከብቱም ወደ ጉድጓዱ ውኃ ሲሄድ አስፋልቱን የራሱ ያደርገዋል። አጭሯ እየነዳች፣ ረጅሟ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ከኋላ ቦሎቄ ሞልተን ወደ ሞያሌ ስንወርድ ግመሎች ከቁጥቋጦው ብቅ አሉ። ቆመች። ግን ከመጨረሻው ግመል ጋር የቀረን ቦታ በክንድ የሚለካ ነበር። እረኛው ልጅ ምንም አላለንም፤ ዝም ብሎ ብቻ አየን። ከስድብ የከበደው ያ ነው።

ወሬው ቤት ደረሰ። የአጭሯ ታላቅ ወንድም "ከዛሬ ጀምሮ አትነጂም፣ ሹፌር ቅጠሩ" አለ። እሱን አንወቅሰውም፤ እህቱ ናት። ግን ሹፌር መቅጠር ምን ማለት እንደሆነ መዝገቡን ገልጠን አሰላነው። የቀን ክፍያው፣ አበሉ፣ ማደሪያው ሲደመር ከአንድ ጉዞ ከምናገኘው ትርፍ ሲሶውን ይወስዳል። ነጠላ ጋቢና ስለሆነችም ሹፌር ሲገባ ከእኛ አንዷ ትቀራለች፤ የምትቀረው ማን እንደሆነች ደግሞ ሳይነገር ይታወቃል። አጭሯ መንዳት ካቆመች ድርሻዋ ቀስ በቀስ መጥበቡ አይቀርም ነበር። ሦስት ሆነን የገዛናት መኪና የሁለት ልትሆን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጉልበት ህመም ብቻ መሆኑ ቀረ።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። መናኸሪያው ላይ አንዱ ወዳጃችን "ፔዳሉ ላይ እንጨት እሰሩበት" አለን። ብዙ ቦታ ይደረጋል፤ እንጨት ጠርበው ከጎማ በወጣ ላስቲክ ጠፍረው ያስሩታል። እኛ አልተቀበልነውም። የታሰረ ነገር ይላላል፤ ሲላላም በፍሬኑ ሥር ይሸጎጣል፤ ፍሬን በሚያስፈልግበት ሰዓት ወደ ታች አልወርድም ይላል። በሌሎች አገሮች በቡሎን የሚጠብቅ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የፔዳል ማራዘሚያ ይሸጣል። ያ ሌላ ነው፤ እንጨት ግን እንጨት ነው። ሌላው ምክር ትራስ ነበር። ከበታች ትራስ ስትደረግ መንገዱ በደንብ ይታያታል፣ ግን እግሯ ይበልጥ ከወለል ይርቃል። ከኋላ ትራስ ሲደረግ እግሯ ይደርሳል፣ ግን ለስላሳ ከሆነ ፍሬን ጠበቅ አድርጋ ስትረግጥ እሷ ራሷ ወደ ኋላ ትሰምጣለች፤ ጉልበቷ ወደ ፔዳሉ መሄዱ ቀርቶ ወደ ትራሱ ይሄዳል።

መጀመሪያ ያሳየነው መካኒክ ነገሩን በሩብ ሰዓት ጨረሰው። ከዳሽቦርዱ ሥር አንገቱን አስገብቶ፣ ፍሬኑን ከላይ የሚያቆመውን ነገር ወደ ውስጥ አጠበቀና ፔዳሉ ዝቅ አለ። ደስ አለን፣ ከፈልን፣ መንገድ ጀመርን። ሜጋ ሳንደርስ መኪናዋ ከበዳት፤ ነዳጅ ብንሰጣትም ትጎተታለች። ወርደን ስናይ የፊት ጎማዎቹ አካባቢ ይጋላል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል። ቁልቁለት ላይ እንኳ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርገን ለቀናት አልንከባለልም አለች። ፍሬኑ ሳንረግጠው ይዞ ነበር።

ለምን እንደያዘ የነገሩን ከድንበሩ ማዶ ያሉ አንድ አዛውንት ፈንዲ ናቸው። በዚያ በኩል ለእጅ ባለሙያ ሁሉ ፈንዲ ይባላል፤ እሳቸውን ሁሉም ሰው "ምዜ" ነው የሚላቸው፣ እኛም እንደዚያው አልናቸው። መኪናዋ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ስላላት፣ ማለትም ያ ኢንሹራንሷ ማዶም ስለሚሠራ፣ ወረቀቷን አሟልተን ወሰድንላቸው። ከእኛ ጋር የሚያወሩት በቦረና ኦሮምኛ ነው፤ የመኪናውን አካል ሲጠሩ ብቻ ክላች፣ ብሬክ ይላሉ። የእኛዎቹ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ቡሎን፣ ዳዶ ደግሞ ጣሊያን ትቶልን የሄደ ነው። አንድ ፔዳል በሁለት ጌታ ቋንቋ እየተጠራ ስንግባባ ዋልን።

ምዜ መጀመሪያ ያነሱት መፍቻ አይደለም፤ ምንጣፉን ነው። ጎማ ምንጣፍ፣ ከሥሩ ሌላ ምንጣፍ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የታጠፈ ካርቶን ወጣ። የአሽከርካሪ ምንጣፍ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ መኪናዎችን የጠራው ምንጣፉ ነዳጅ መስጫውን ሊይዘው ስለሚችል ነበር። ምዜ ሁለቱን አስወግደው አንዱን ብቻ፣ እንዳይንሸራተት አያይዘው መለሱልን።

ቀጥለው ሦስታችንንም በየተራ ወንበሩ ላይ አስቀመጡን። "ማማ፣ ክላቹን እስከ ታች ርገጪው" ይላሉ። እስከ ታች ተረግጦም ጉልበት ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ ተወጥሮ ቀጥ ካለ ወንበሩ ሩቅ ነው። ጀርባ ከመደገፊያው ሳይለቅ ክንድን ሲዘረጉ የእጅ አንጓ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ደረት ከመሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኤርባግ ላላቸው መኪናዎች የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ ኤርባግ ለሌለው መኪና ቢሆን ደረትን ለብረት ማስጠጋት ምን ይጠቅማል? አጭሯ እህታችን ስትለካ 14 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ምዜ ሜትሩን ሁለት ጊዜ አዩት።

ከዚያ የፔዳሎቹን ከፍታ ከወለሉ ብረት ጀምረው ለኩ። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና ልኩን ወስኖ በጥገና መጽሐፉ ላይ ያወጣል፤ ምዜም የዚያችን ፒክአፕ ልክ ያውቁታል። ፍሪሲዮኑ ከልኩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ፍሬኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። እኛ መኪናዋን ከተፈጥሮዋ ልናወጣት የመጣን መስሎን ነበር፤ ለካ ወደ ተፈጥሮዋ ልትመለስ ነው። ይህች ልዩነት ትልቅ ናት። ምዜ ከልኩ በታች አውርዱልኝ ብትላቸው እሺ አይሉም። ፍሬን በጣም ዝቅ ካለ አንድ ቀን ሸራው አልቆ ወይም ዘይቱ ጎድሎ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ሌላ የሚረገጥ ነገር አይተርፍም።

የፍሪሲዮኑ ሥራ ቀላል ነበር። ከፔዳሉ ላይኛው ጫፍ አጠገብ የሚያቆመው ቡሎን አለ፤ ዳዶውን አላልተው ቡሎኑን በማዞር ከፍታውን ያስተካክላሉ። ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፔዳሉ በእጅ ሲገፋ ምንም ሳይሠራ በባዶው የሚወርድባት ትንሽ መንገድ መኖር አለባት። ለብዙ መኪና ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ነች። ጭራሽ ከጠፋች ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይያዝም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው አይሄድም፣ ዲስኩም ይቃጠላል። ከበዛች ደግሞ በደንብ አይለቅም፤ ማርሽ ስታስገቡ ይፋጫል።

ፍሬኑ ላይ ምዜ ጊዜ ወሰዱ። የፊተኛው መካኒክ ያጠበቀው ነገር የፍሬን መብራት ማብሪያው ነው፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እሱን ብቻ ወደ ውስጥ ሲያጠብቅ ፔዳሉ ተገፍቶ ዝቅ አለ፤ ከፔዳሉ ወደ ፖምፓው የሚሄደው መግፊያ ዘንግ ግን እንደረዘመ ቀረ። ስለዚህ ዘንጉ ፖምፓውን ሁልጊዜ በትንሹ ይገፋዋል፣ የተገፋው ዘይት ተመልሶ መውጫ ያጣል፣ ዘይቱ በጋለ ቁጥር ያብጣል፣ ፍሬኑም እየጠበቀ ይሄዳል። ትክክለኛው አካሄድ ማብሪያውን መጀመሪያ አላልቶ ከመንገድ ማራቅ፣ የዘንጉን ዳዶ ከፍቶ ዘንጉን ማሳጠር፣ ፔዳሉ ልኩ ላይ ሲደርስ ዳዶውን ማጥበቅ፣ በመጨረሻም ማብሪያውን ወደ ፔዳሉ መመለስ ነው። ዘንጉን አሳጥረው ማብሪያውን ሳይመልሱ ከተዉት ደግሞ የፍሬን መብራቱ ቀን ከሌሊት ይበራል፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው መቼ እንደምትቆሙ አያውቅም። ፍሬኑም እንደ ፍሪሲዮኑ ትንሽ ባዶ መንገድ ይፈልጋል፤ የእሱ ግን በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። የምትለካውም ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉ ደጋግሞ ከተረገጠ በኋላ ነው።

ሲጨርሱ ወዲያው ቁልፍ አላስረከቡንም። አንዳችንን ከኋላ አቁመው የፍሬን መብራቱን አስነገሩ። ሞተር አስነስተው ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው በሥሩ የቀረውን ቦታ አዩ። መኪናዋን በክሪክ አንስተው እያንዳንዱን ጎማ በእጃቸው አሽከረከሩ። ከዚያ አጭሯን አስነድተው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወሰዱንና ወርደው መዳፋቸውን ወደ ጎማዎቹ አስጠጉ። መካኒክ ፍሬናችሁን ነክቶ ይህን ሳያደርግ "ሂዱ" ቢላችሁ፣ እናንተው ጠይቁት፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

የቀረውን ልዩነት በሌላ ዘዴ ሞላነው። አጭሯ ከጀርባዋ ጠንካራ ስፖንጅ ታደርጋለች፤ ከመደገፊያው ጋር በማሰሪያ የታሰረ ስለሆነ አይሰምጥም፣ አይንሸራተትም። መኪናው ውስጥ የማይወጣ የመንጃ ጫማ አላት፤ ሶሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠንካራ፣ ከኋላው የተዘጋ። በነጠላ ጫማ መንዳት ለሦስታችንም ቀርቷል፤ ረጅሟ ለሳምንት ያህል አኩርፋ ነበር። አሁን የአጭሯ ተረከዝ ወለል ላይ ያርፋል፤ ደረቷ ከመሪው 26 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ወንድሟም አንድ ቀን አብሯት እስከ ያቤሎ ሄደ። ምንም አስተያየት አልሰጠም፤ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኛ እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

ማዶ ስትሻገሩ ፔዳሉ ይገለበጥ ይሆን ብላችሁ ለምትፈሩ፦ አይገለበጥም። መሪው በቀኝም ይሁን በግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ ነው። የሚቀየረው ማርሽ የሚይዘው እጅ ነው። እግራችሁ የለመደውን ያገኛል፤ እጃችሁ ግን ማርሽ ፍለጋ በር ይመታል።

አንድ ነገር ሳንረሳ፣ ከመካከላችሁ ትልልቅ የጭነት መኪና የምትነዱ የአየር ፍሬን ካላችሁ አሠራሩ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ከላይ ያልነውን እዚያ ላይ አትሞክሩት። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አዳዲሶቹ ደግሞ ፍሪሲዮን ስለሌላቸው ግማሹ ጣጣ የለባቸውም፤ የወንበሩና የምንጣፉ ነገር ግን እንዳለ ነው። ማርሻቸው አውቶማቲክ የሆነውን የምትነዱም እንደዚሁ።

የወንበሩን ቦታ በየተራው መፈለግ ሲያሰለቸን አጭሯ የጥፍር ቀለም አመጣችና በወንበሩ ሐዲድ ላይ ሦስት ምልክት ቀባችበት። ቀዩ የእሷ፣ ነጩ የረጅሟ፣ ሐምራዊው የመካከለኛዋ። ተረኛዋ ገብታ ወንበሩን ወደ ቀለሟ ትስባለች፤ ከዚያ መስተዋቱን ታስተካክላለች። ረጅሟ መስተዋቱን ሁልጊዜ ትረሳለች፤ ሜጋ አካባቢ ላይ ትዝ ይላታል። ለምዜ ከተስማማነው ዋጋ በላይ ብንሰጣቸው አልተቀበሉንም፤ በሚቀጥለው ስትመጡ የይርጋ ጨፌ ቡና አምጡልኝ አሉን። ሐሙስ እንሻገራለን። ቡናው ተቆልቶ ተዘጋጅቷል፣ ተረኛዋ ቀዩዋ ናት።